የጫማውን ክር ያሰርኩለት ልጅ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። እናቱን ሲያትል ከመጣሁ ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጁ ለትምህርት ቤቱ ቡድን አሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ጨዋታ ላይ ራሴን ተመታሁ። እስካሁን ትንሽ ያዞረኛል። ለማንም ባልናገር ምን ይመጣል? በሚቀጥለው ዓርብ ተጫዋች የሚመርጡ የኮሌጅ ሰዎች ሊያዩኝ ይመጣሉ።»

እዚያው መልስ ሰጠሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ለማታውቁኝ፣ ከ20 ዓመት በላይ የትምህርት ቤት ቡድኖች አትሌቲክ ትሬይነር ነበርኩ። አገር ቤት የቡድን ወጌሻ የምንለው ዓይነት ሥራ ነው። ቁርጭምጭሚት እጠቀልላለሁ፣ በረዶ እይዛለሁ። ልጅ ተጎድቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው እኔ ነበርኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ጥቅምት ላይ ነው። ሥራው ላይ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዓርብ ማታ። ያ የማያበሰብስ ግን የማያባራ የሲያትል ካፊያ። አራተኛው ኳርተር፣ የጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ላይ፣ የኛ ላይንባከር፣ ተከላካያችን፣ ኳስ የያዘውን ልጅ ሊጥል ሲወረወር ሄልሜት ከሄልሜት ተላተመ። ድምፁ እንጨት የተፈለጠ ይመስል ነበር። የኛው ልጅ ራሱ ተነሳ። የጫማው ክር ተፈትቶ ስለነበር እኔ ወዳለሁበት ጠርዝ መጣ።

አጠገቤ ተንበረከከ። ክሩን ያዘ። አንዱን ቀለበት ሠራ፤ ከዚያ እጁ ቆመ። ክሩን ዝም ብሎ ያየዋል። ፈታና እንደገና ጀመረ። እንደገና እዚያው ላይ ቆመ። «ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። 14 ለ 10 እየመራን ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ስንት ለስንት ነን?»

ገብቶኛል። ኮንከሽን፣ የአንጎል መናወጥ እንደሆነ ተምሬዋለሁ። አሰልጣኙ ከወዲያ ሆኖ «ደህና ነው?» ብሎ ጮኸ። ከተማው የሚያከብረው ሰው ነበር። እኔ ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ፣ እንግሊዝኛዬ ገና ያልተፍታታ ስደተኛ ነኝ። ልጁም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ጎንበስ ብዬ ክሩን እኔ አሰርኩለት። እንዳይፈታ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። ትከሻውን መታ አድርጌ በአማርኛ «አይዞህ» አልኩት። ለአሰልጣኙም አውራ ጣቴን አነሳሁ።

ስድስት ደቂቃ ተጫወተ። አሸነፍን። አውቶቡስ ውስጥ አስታወከ። ጨዋታውን ጭራሽ አያስታውሰውም። እስከ ገና ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ልጠይቀው ስሄድ ብርሃን ስለሚያመው እናቱ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳዋለች። ደብተሩን አሳየችኝ። ጽሑፉ ከመስመሩ እየወረደ ወደ ገጹ ጥግ ይንሸራተታል። ስወጣ እጄን ይዛ «ከቡድኑ ሊጠይቀን የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ» ብላ አመሰገነችኝ። ስለ ክሩ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ጉለሌ በጨርቅ ኳስ ስንጫወት ለጎል ያቆምነው ድንጋይ ላይ በራሴ ወድቄ ነበር። ውሃ ረጩብኝ። አባቴ «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» አለኝና ተነስቼ ተጫወትኩ። ለዓመታት በኩራት ያወራሁት ታሪክ ነው። ያን ዓርብ ጣቴን ያነሳው ይኸው ኩራት ይሆን እላለሁ።

በ2006 ከኛ ብዙም በማይርቀው ሜፕል ቫሊ፣ ዛከሪ ላይስቴት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ተመትቶ ትንሽ አረፈና ወደ ሜዳ ተመለሰ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ መናገርና መራመድ ግን እንደገና መማር ነበረበት። በእሱ ስም የወጣው የ2009 የዋሺንግተን ስቴት ሕግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። ዜናውን ስሰማ ያየሁት የዚያን የቡድኔን ልጅ እጅ ነው፣ ክሩ ላይ የቆመውን።

ሌላም ሰው አለ። ፒትስበርግ ስቲለርስ ለሚባለው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የተጫወተው ማይክ ዌብስተር በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የሚባል ናይጄሪያዊ ሐኪም ነው። አንጎሉ ውስጥ ሲቲኢ የሚባለውን፣ ከተደጋጋሚ ምት ጋር የተያያዘውን በሽታ አገኘ። በ2005 ጽፎ አወጣው። የኤንኤፍኤል፣ የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ፣ ኮሚቴ ሐኪሞች ጽሑፉ ይሰረዝ አሉ። እሱ ግን አልተወም። ሊጉ ራሱ የጨዋታውንና የበሽታውን ግንኙነት ኮንግረስ ፊት ያመነው በ2016 ነው። እሱም እንደኔ ስደተኛ ነበር። የሱ ዝና ከፍ ሲል እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ልጆች፣ ሄልሜት የራስ ቅላችሁ እንዳይሰበር ነው የተሠራው። ወተት ሲናጥ ቅሉ አይሰበርም፤ የሚናወጠው ውስጡ ያለው ነው። ኮንከሽን ለመሆን ራስን መሳት የግድ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው አይስትም። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ሲጨመር አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ሊገድል ይችላል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስታወክ ከተደጋገመ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ 911 ይደወል። ውሃ ጠጡ፣ ሄልሜት አጥብቁ የሚለውን አሰልጣኞቻችሁ ይነግሯችኋል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ አምስት ደቂቃ ሲጠፋ ዓለም ያበቃ ይመስላችኋል። ቶሎ ታማርራላችሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። እውነቱ ግን ሕመም ስትደብቁ ከኛ ትብሳላችሁ። እኛን የሚያየን ሰፈር ብቻ ነበር፤ እናንተ ከየስልኩ ቪዲዮ ነው የምትሸሹት።

ጨዋታውን አትጫወቱ አልልም፤ እወደዋለሁ፣ ዓርብ ማታ ዛሬም ሜዳ እሄዳለሁ። የራሴን ልጅ ግን አላስፈረምኩም። ሁለቱ እንደማይገጥሙ አውቃለሁ። እግር ኳስ አስገባሁት፤ እዚያ ደግሞ ቴስታ አለ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ቴስታን የከለከለው በ2015 ነው። ልጄ ያኔ አድጎ ነበር።

ያ የቤተ ክርስቲያኑ ልጅ ሰኞ ለትሬይነሩ ተናገረ። ዓርብ አልተጫወተም። የኮሌጆቹ ሰዎች መጥተው ሄዱ። ባለፈው እሑድ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ትናንት እናቱ ደወለችልኝ። ራስ ምታቱ ከቆመ ስድስት ቀን ሆኖታል፤ ሐኪሙም ቀለል ያለ ሩጫ ፈቅዶለታል።