ክረምት ሳይገባ ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩ

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በወረዳ ነው። መጀመሪያ በግብርና፣ ኋላ ደግሞ በአደጋ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያነት። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ገጠር ላላችሁ፣ ተመርቃችሁ ወረዳ ለተመደባችሁ፣ እናንተ ከተማ ሆናችሁ ወላጆቻችሁ ተራራ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ልጆቼ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጎፋ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንሸራቶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። በማግስቱ ሰኞ፣ ሐምሌ 15 ጠዋት፣ ሕዝቡ ለነፍስ አድን ተሰበሰበ። ገሚሱ በአካፋ፣ ገሚሱ በእጁ ይቆፍር ነበር። በዚያ መሃል መሬቱ እንደገና ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ናቸው። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ሠራተኞች ነበሩባቸው።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በእኛ አገር ኡኡታ ከተሰማ የሚቀር ሰው የለም። አራሹ ሞፈሩን ጥሎ፣ እናት ሊጥዋን ትታ ትሮጣለች። ይህን ልማዳችንን እወደዋለሁ፤ አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። ግን እንዴት እንደምትሄዱ ላስረዳችሁ።

አንዴ የተናደ ተራራ ሁለተኛ ሊናድ ይችላል። የመጀመሪያው ናዳ ከላይ ያለውን አፈር ደጋፊ አሳጥቶት ሄዷል። ውሃውም ገና እየሰረገ ነው። ስለዚህ ቦታው ስትደርሱ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ ላዩን እዩ። ዓይኑ የሚያይ፣ የማይደነግጥ አንድ ሰው ምረጡና ከናዳው መንገድ ውጭ፣ ገደሉ በሚታይበት ቦታ አቁሙት። የእድር ጡሩምባ ስጡት። ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ አካፋ አይያዝ። ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ አዲስ ስንጥቅ ካየ ጡሩምባውን ይንፋ። ያኔ ሁሉም ወደ ጎን ይሩጥ፤ ወደ ታች የሮጠን ሰው ናዳው ይደርስበታል። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ይሁኑ፣ በተራ ይግቡ። ተረኛው፣ ለቀስተኛው፣ ሕፃኑ ሁሉ ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ወገን ከሥር ተቀብሮ ቆሞ መጠበቅ አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ካለቀ የተቀበረውን ማን ያወጣዋል?

ከሁሉ የሚሻለው ሳይናድ ማወቅ ነው። ተራራ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። መሬት ይሰነጠቃል። አጥርና ዛፍ ያዘነብላል። ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልዘጋ ይላል። ምንጭ ድንገት ይደፈርሳል ወይም ይደርቃል፣ ደረቅ የነበረ ቦታ ላይ ውሃ ይፈልቃል።

አንዲት እናት ጓሯቸው ተሰንጥቆ አሳይተውኝ ያውቃሉ። ስንጥቁ የጣት ስፋት አለው፤ የባቄላ ማሳቸውን አቋርጦ ያልፋል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተከልን። አንዱ ላይ ሲባጎ አስረን፣ ሁለተኛው ችካል ጋ ሲደርስ ቋጠርነው። ልጃቸው በየጠዋቱ ሲባጎውን ወጥራ ታይ ነበር። ቋጠሮው ችካሉ ጋ ከደረሰ መሬቱ አልሄደም። አንድ ቀን ቋጠሮው ሳይደርስ ቀረ። ልጅቷ ሮጣ ለቀበሌው ተናገረች። ቤተሰቡ ከብቱን ነድቶ ማዶ አጎታቸው ቤት ከረመ። ጓሮው በኋላ ሲሄድ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሁለት ችካልና አንድ ሲባጎ ነው። በጀት የለም ብሎ ለሚያስብ ወጣት ባለሙያ ይህን ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ቆላ ያላችሁ ደግሞ ስለ ጎርፍ አስቡ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ያም ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠራ ብላችሁ አትዘናጉ። ደጋው ከጠቆረ ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ውጡ፣ ከብትም እዚያ አታሳድሩ። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ጉልበት ሳይደርስ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሻገሩት ወንዝ ካለ፣ ሲሞላ የት እንደሚያድሩ አስቀድማችሁ ከዘመድ ጋር ተስማሙ።

ቤት ውስጥስ? ከበሩ አጠገብ ሚስማር ምቱና አንድ ከረጢት ስቀሉ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ መታወቂያው፣ የጤና መድን ካርዱ፣ የሕፃኑ የክትባት ካርድ በፌስታል ተጠቅልሎ እዚያ ይግባ። አባወራው የሚወስደው የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካለ የተወሰነው እዚያ ይቀመጥ። የእጅ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ጥቂት በሶ። የይዞታ ደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱና ከተማ ላለው እህት ወይም ወንድም በቴሌግራም ላኩ። ደብተሩ የጠፋበት ገበሬ ከአደጋው በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አይቻለሁ። ከዘሩም ጥቂት ቁና ሌላ ቀበሌ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ጎተራው ቢሄድ የሚዘራ ነገር ይኖራል።

ከዚያ ከባዱን ጥያቄ አንሱ፦ አያትን ማን ይሸከማል? ነፍሰ ጡሯንስ? ብዙ ቤት ይህን ጠይቆ አያውቅም። ስም ጥሩ። ያ ሰው ገበያ ቢሄድ ተተኪው ማን እንደሆነም ተነጋገሩ። የእድሩ ቃሬዛ የት እንዳለ እወቁ።

ለቤተሰብ ገንዘብ የምትልኩ፣ አዲስ አበባም ሁኑ አረብ አገር፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቆርቆሮ ቤት ከማሠራታችሁ በፊት ቦታውን በቪዲዮ አሳዩኝ በሉ። ተራራውን ቆርጦ ከኋላው ግድግዳ የመሰለ አፈር ያቆመ ቤት፣ ወይም ቦረቦር አፋፍ ላይ የተሠራ ቤት፣ ምንም ያህል ቢያምር ያሰጋኛል። ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ የሚፈሰውም ጎረቤት ጓሮ ላይ እንዳይሆን።

የመነጋገሪያው ጊዜ ግንቦት ነው። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ያን ሰሞን ይናገራል። ሬዲዮው «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሲል ቡና አስፈሉና ቤተሰቡን አስቀምጡ። ቦዩን ጥረጉ፣ ከረጢቱን ፈትሹ፣ ምሽት ላይ መውጫውን መንገድ አብራችሁ ሂዱበት። የቀበሌውን ሊቀመንበርና የልማት ሠራተኛውን ስልክ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉት። ስልካችሁ ቢዘጋ በጎረቤት ስልክ ትደውላላችሁ።