አለርጂ ይዞ አዲስ ቤት መግባት

የአንባቢዎች ጥያቄ እና መልስ

ጥያቄ፦ ሌሎች ሰዎች ሲኖሩበት ወደቆየ ቤት ልንገባ ነው። የ4 ዓመት ልጃችን ለኦቾሎኒና ለእንቁላል ከባድ አለርጂ አለባት። ግድግዳውን ማስቀባት፣ ወለሉንም ማስቀየር ይኖርብን ይሆን? ካልሆነስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ቀለሙን ለውበት ካልፈለጋችሁት ተዉት። አለርጂ የሚቀሰቅሰው የምግቡ ፕሮቲን ነው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ደረጃ የሚደርሰውም በአብዛኛው ሲዋጥ ነው። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው እዚያው ያረፈበት ቦታ ላይ መቅላት፣ ማሳከክና ሽፍታ ነው። የ4 ዓመት ልጅ እጅ ግን ከጠረጴዛ ተነስቶ አፍ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም ወደ አፍ በሚወስደው መንገድ ላይ አውሉት፦ ወጥ ቤቱ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛው፣ እጅ የሚበዛባቸው እጀታዎችና እሷ የምትጫወትበት ወለል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ጽዳት ጀርም ከመግደል ጋር ስለሚያምታታው ነው። ፕሮቲን ሕይወት ስለሌለው አይገደልም፤ ተነስቶ መሄድ አለበት። የአልኮል ሳኒታይዘር ወዲያና ወዲህ ያሰራጨዋል እንጂ አያነሳውም። ሳይጠረግ የቀረ የኦቾሎኒ ቅሪት ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሳሙና ያላቅቀዋል፣ ፍትጊያ ያነሳዋል፣ ውኃ ይወስደዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥራው ከግማሽ አያልፍም።

ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለወጥ ቤቱ ስጡት። በደረቁ አትጥረጉ፤ መጥረጊያ ፍርፋሪውን ወደ አቧራ ይለውጠዋል። ቫኪዩም ካለ መሳቢያዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ የገቡበትን ክፍተት ሳይቀር ምጠጡ፤ የአሮጌ ፍርፋሪ መቃብሩ እዚያ ነው። ከዚያ 5 ሊትር ለብ ባለ ውኃ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታች ውረዱ። ጨርቁን ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ እያገላበጣችሁ የምትጠቀሙበት ስምንት ገጽ ይወጣዋል። አንድ መደርደሪያ በአንድ ገጽ፣ ስምንቱ ሲያልቁ ሌላ ጨርቅ። ቤቱን በሙሉ በአንድ ጨርቅ ማዳረስ የአንዱን መደርደሪያ ቅሪት ለሁሉም ማከፋፈል ነው። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ በራሰ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱ።

የማይታዩ ቦታዎች አሉ። የፍሪጁን በር ከፍታችሁ ዙሪያውን የተሠራውን ላስቲክ በጣት ገለጥ አድርጉት፤ እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ጠብታና ፍርፋሪ ታገኛላችሁ። እሱን የሚያወጣው በሳሙና ውኃ የተነከረ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። የምድጃውን መቆጣጠሪያዎች ንቀሉና ሥራቸውን ጥረጉ። የኦቨኑን ሽቦ መደርደሪያዎች ሙቅ የሳሙና ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ «እሳቱ ያቃጥለዋል» ብሎ መተማመን አይሠራም፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ከጥሬው ያነሰ አደጋ የለውም። የመብራት ማብሪያ፣ የበር፣ የፍሪጅና የቧንቧ እጀታዎች ግማሽ ሰዓት አይፈጁም። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ትተውት የሄዱት ሶፋ ካለ መቀመጫውን አንስታችሁ እዩ፤ ያያችሁትን ካልወደዳችሁት ይሂድ። ነባር ምንጣፍ ልጅቷ የምትጫወትበት ከሆነ ማውጣቱ ይሻላል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ላለው ግን ደጋግሞ በቫኪዩም መምጠጥ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለወተትና ለሰሊጥ አለርጂ አለበት። እኔና ልጆቹ ሁለቱንም እንበላለን። አዲሱ ቤት ወጥ ቤቱ አንድ ብቻ ነው። ሁለቱን ከቤት ማስወጣት አለብኝ ወይስ ለይቶ መኖር ይቻላል?

መልስ፦ አዋቂ ስለሆነ ለይቶ መኖር ይቻላል። በእኛ አስተያየት ግን የሚበንና የሚለጠፍ ነገር ከቤት ቢወጣ ዕረፍት ነው፦ የወተት ዱቄት፣ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ታሂኒ (እንደ ቅቤ የላመ ሰሊጥ)። በካርቶን ያለ ወተት የት እንደፈሰሰ ይታያል። ታሂኒ የነካ ጣት የነካውን ሁሉ ግን ማንም አያየውም።

መደርደሪያ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ እሱ የሚበላው ከላይ፣ የማይበላው ከታች፣ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ። ፍሪጅ ውስጥም እንዲሁ። የሚፈስም የሚረግፍም ነገር ወደ ታች ነው የሚሄደው።

ዕቃዎችን ሁሉ በእጥፍ መግዛት አያስፈልግዎትም። ከማይዝግ ብረት፣ ከመስታወትና ከሸክላ ሳህን ላይ ፕሮቲን በደንብ ይታጠባል። መለየት ያለባቸው ቀዳዳ፣ ስንጥቅ ወይም ጭረት ያላቸው ናቸው፦ የእንጨት ማማሰያ፣ መክተፊያ፣ መዳመጫ፣ ወንፊትና ማጥለያ፣ የተፋቀ ቴፍሎን፣ እንዲሁም በሳሙና የማይታጠብ ከባድ የብረት መጥበሻ፤ የዚህኛው የዘይት ሽፋን የበሰለበትን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ለእነዚህ ለባለቤትዎ አንድ አንድ አዲስ ገዝተው እጀታቸው ላይ አንድ ዓይነት ባለ ቀለም ቴፕ ይጠቅልሉ። ቀለሙን የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ እንዳይሆን ግን ፍሪጁ ላይ ይጻፍ፤ እንግዳም ሊያበስል ይችላል። ብሌንደር የጋራ ከሆነ በተጠቀሙበት ቁጥር ምላጩን ፈተው ከሥሩ ያለውን የጎማ ቀለበት ለብቻው ያውጡና ይጠቡ። ማሰሮው ሲያብረቀርቅ ቀለበቱ ሥር የትናንቱ ወተት ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ሁለት ቀለም ይግዙ። የእርሱ ዕቃ በቅድሚያ፣ በንጹሕ ውኃና በራሱ ስፖንጅ ይታጠብ፤ የሌላው ከዚያ በኋላ። ማድረቂያ ፎጣም ሁለት ይሁን። ምግብ ሲሠሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ የእርሱን አስቀድመው ሠርተው ይክደኑት፣ ከዚያ የቀረውን ይቀጥሉ። ሰሊጥ ያለበት ነገር የተጠበሰበት ዘይት ለእርሱ አይሆንም፤ ማጥለል ፍሬውን እንጂ ፕሮቲኑን አያስቀርም።

አሁን አንድ ቁርስ እንይ። ልጅዎ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል፤ ቢላውን ጠረግ ያደርግና ማርማላታ ማሰሮ ውስጥ ይነክራል። ማሰሮው ንጹሕ ይመስላል፤ በማግስቱ ባለቤትዎ «ማርማላታ እኮ ወተት የለበትም» ብሎ ይቀባል። ትክክል ነው፤ ፋብሪካው አልጨመረበትም፣ ጨማሪው የቤቱ ቢላ ነው። ስለዚህ ሁሉም የሚነካካው ማርማላታ፣ ማርና የመሳሰለው ወይ ተጨምቆ በሚወጣ ዕቃ ይሁን፣ ወይም ባለቤትዎ የራሱ ማሰሮ ይኑረው፤ ክዳኑ ላይ ያ የቀለም ቴፕ አይቅር።

ጥያቄ፦ ጎረቤት ኦቾሎኒ ሲቆላ ሽታው መስኮታችን ድረስ ይመጣል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን ወንድሜን ሊያመው ይችላል?

መልስ፦ ሽታው ብቻውን ፕሮቲን ስላልተሸከመ ከባድ አለርጂ ያስነሳል ተብሎ አይሰጋም፤ የማቅለሽለሽ ወይም የጭንቀት ስሜት ግን ሊፈጥር ይችላል፣ ያም ቢሆን ቀልድ አይደለም። የሚፈራው እንፋሎትና ብናኝ ነው። ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሲበስል፣ ወተት ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት ፕሮቲን ይዞ ይነሳል፤ ሲነፋ የሚበንን የስንዴ ዱቄትም አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። ለእነዚህ አለርጂ ያለበት ሰው በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ባይገባ፣ መስኮት ቢከፈት ይሻላል። ወንድምዎ አስም ካለበት ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ጥያቄ፦ ምግቡን ሁሉ ለየን። የቀረን ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ምግብ ያልሆነው ይቀራል። ቤት ሲቀየር የአይጥ ወጥመድ ይጠመዳል፤ ማባበያው ብዙ ጊዜ የኦቾሎኒ ቅቤ ነው፣ የቀድሞው ነዋሪ ያስቀመጠው ወጥመድም ማዕድ ቤት ቁምሳጥን ጀርባ ሊኖር ይችላል። የውሻና የድመት ምግብ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም ስንዴ ይይዛል፤ መሬት ላይ በሚቀመጥ ሳህን መሆኑ ደግሞ ለሚድህ ሕፃን ግብዣ ነው። የልጆች መጫወቻ ሊጥ አብዛኛው ከስንዴ ዱቄት ነው የሚሠራው። የሰውነት ቅባትና ሻምፑ የለውዝ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ የወተት ወይም የስንዴ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል፤ ኦቾሎኒ እዚያ ላይ በላቲን ስሙ «አራኪስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በነገራችን ላይ «ለውዝ» የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለኦቾሎኒም ይጠቀምበታል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው። ሐኪሙ የከለከለው የትኛውን እንደሆነ ወይም ሁለቱንም መሆኑን ለይተው ይጠይቁ።

የታሸገ ምግብ ሲገዙ መለያውን ሁልጊዜ ያንብቡ፤ ለ10ኛ ጊዜ የሚገዙት ቢሆንም። ፋብሪካ ቅመሙን ሲቀይር አያውጅም። ወተት «ኬዚን» ወይም «ዌይ»፣ እንቁላል «አልቡሚን» ተብለው ሊገቡ ይችላሉ። «ላክቶስ የሌለው» የሚለው ወተት ስኳሩ እንጂ ፕሮቲኑ አልወጣለትም፤ ለወተት አለርጂ አይሆንም። የፍየል ወተትም ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ምትክ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መለያው ላይ በግልጽ መጻፍ ያለባቸው አለርጂ ቀስቃሽ ምግቦች 9 ናቸው፤ ሰሊጥ የተጨመረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 14 ናቸው። «ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን በሁለቱም ዘንድ በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ስለሆነ አለመጻፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። በቅርቡ አብረን መኖር እንጀምራለን። ውጭ ኦቾሎኒ በልቼ ብገባ፣ ከመሳሜ በፊት ጥርሴን መቦረሽ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ቅሪቱ ምራቅ ውስጥ ይቆያል፤ ቦርሸውም ወዲያው አይጠፋም። የሚሻለው ጥቂት ሰዓታት መጠበቅ፣ በመሐል ኦቾሎኒ የሌለበት ምግብ መብላት ነው፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ እጅዎን በሳሙና 20 ሰከንድ መታጠብ። ከሁሉ የሚቀለው ከእሷ ጋር በሚያመሹበት ቀን አለመብላት ነው። በአንድ ብርጭቆና በአንድ ማንኪያ መጠቀምም ከመሳም እኩል ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ለከባድ አለርጂ ሁለት የአድሬናሊን መርፌ (ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋ መሣሪያ) አዞልናል። አዲሱ ቤት ውስጥ የት እናስቀምጠው? ፍሪጅ ውስጥ ይሻላል?

መልስ፦ ፍሪጅ አይሆንም። የሚስማማው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ምድጃ አጠገብ፣ መስኮት ሥር፣ መኪና ውስጥ ይበላሻል። ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥም አይግባ፤ ያን ጊዜ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ጊዜ የለውም። ትንሽ ልጅ የማይደርስበት፣ አዋቂ ግን ሳይንጠራራ የሚያነሳው መስቀያ ላይ፣ መመገቢያው አጠገብ ይሁን። ሁለቱ መርፌዎች አይለያዩ፤ ከቤት ሲወጡም አብረው ይውጡ። በወር አንዴ በመሣሪያው መስኮት ይዩት፤ ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም ቀለም ካመጣ ይቀየር።

አለርጂ ያለበት ሰው ምግቡን ከበላ በኋላ መተንፈስ ካቃተው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ምላሱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ራሱን ሊስት ከደረሰ አይጠብቁ። መርፌው በቅድሚያ፣ ስልኩ ከዚያ። ጭኑ ላይ ከጎን በኩል፣ በልብሱ ላይም ቢሆን፤ ተጭኖ የሚቆይበት ሰከንድ እንደ መሣሪያው ስለሚለያይ መመሪያውን አስቀድመው ይለማመዱ። የአለርጂ ክኒን ማሳከክን እንጂ የጠበበ ጉሮሮን አይከፍትም። በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ፣ ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ ይሁን። ቆሞ አይሂድ፤ ድንገት መነሳት የደም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛው ይሰጠው። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።

አዲስ ቤት የገባ ሰው የራሱን አድራሻ በድንጋጤ ሰዓት አያስታውስም። የሰፈሩን ስም፣ የቤት ቁጥሩን፣ ፎቁን፣ መታጠፊያውን፣ የሚታይ ምልክትና የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በትልቁ ጽፈው መርፌው ካለበት መስቀያ ላይ አብረው ይለጥፉት፤ የሚደውለው ሰው የዚያን ቀን የመጣ እንግዳ ወይም ሞግዚት ሊሆን ይችላል።