የታመመውን ዛፍ ቆርጠን ሳለ ጎረቤቶቹ ለምን ደረቁ?

ጥያቄ፦ በምንከባከበው የፓይን ደን አንድ ዛፍ ከአናቱ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ደረቀ። በሽታው እንዳይዛመት ብለን ቆረጥነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን በዙሪያው የነበሩት አምስት ዛፎች ተራ በተራ ደረቁ። በጉቶው ግርጌም የማር ቀለም ያላቸው እንጉዳዮች በቅለዋል። ይህን ፈንገስ የሚያዛምተው ነፋስ ይሆን?

መልስ፦ ዛፎቹ በአንድ ጉቶ ዙሪያ መድረቃቸውና የእንጉዳዮቹ ቀለም፣ ሥር የሚያበሰብሰውን አርሚላሪያ የተባለ ፈንገስ እንድንጠረጥር ያደርጋሉ። የጉቶውን ቅርፊት ከግርጌው በስለት ላጥ አድርገው ይመልከቱ፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነጭ ስስ ሽፋን፣ በአፈሩም ውስጥ የጫማ ማሰሪያ የሚመስሉ ጥቋቁር ክሮች ካገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል። አርሚላሪያ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገረው በአመዛኙ በእነዚህ ክሮችና እርስ በርስ በሚነካኩ ሥሮች ነው። አካሄዱ አዝጋሚ ቢሆንም ስለማይቋረጥ፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት አንድ ነጠላ አርሚላሪያ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የደን መሬት ይዞ ተገኝቷል።

ዛፉን መቁረጣችሁ በሽታውን አላስቆመም፤ እንዲያውም ሳያግዘው አልቀረም። ሕያው ሥር በሙጫው ይከላከላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ግን መከላከያው አብሮ ስለሚሞት ጉቶው ፈንገሱን ለብዙ ዓመታት የሚቀልብ ጎተራ ይሆናል።

በነፋስ የሚዛመቱም አሉ። ሄትሮባሲዲዮን የተባለው ፈንገስ ስፖሮቹን፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ የመራቢያ ብናኞቹን፣ በአየር ይበትናል፤ ስፖሩ አዲስ በተቆረጠ ጉቶ ላይ ሲያርፍ በቅሎ ወደ ሥሩ ይወርድና ጎረቤቱን ዛፍ ይይዛል። በመሆኑም የደን ባለሙያዎች ገና ዛፉ እንደተቆረጠ ጉቶውን በውኃ የተበጠበጠ ዩሪያ ይቀቡታል። የኤልም ዛፎችን የፈጀውን ፈንገስ ደግሞ ከቅርፊት ሥር የሚፈለፈሉ ጢንዚዛዎች ይሸከሙታል። ከሁሉ የከፋው አጓጓዥ ግን በእኔ ግምት ሰው ነው፤ ከእስያ በመጡ ችግኞች ወደ አሜሪካ የገባው የቼስትነት ቅርፊት በሽታ በ1904 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከታየ በኋላ፣ በግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን ገድሏል።

የደረቀውን ዛፍ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሥራው ጉቶዎቹን ከነወፍራም ሥሮቻቸው ነቅሎ ማውጣትና በቦታው በሽታውን ይበልጥ የሚቋቋም የዛፍ ዓይነት መትከል ነው። ጤነኛ የሚመስሉት የቅርብ ዛፎች ሥራቸው አስቀድሞ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁፋሮው ከደረቁት ቢያንስ አንድ ረድፍ ይለፍ።