«ታሪኩን ብቻ ነው የምጽፈው» ላልከኝ

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልኝ የአራተኛ ዓመት የአማርኛ ተማሪ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። በቴሌግራም ያገኘህ ሰው ለውጭ አገር የወሲብ ፊልም ስክሪፕት ጻፍልኝ ብሎሃል። «ቀረጻው አይመለከትህም፣ ታሪክ ብቻ» አለህ፤ መታወቂያህንም ፎቶ አንስተህ እንድትልክ ጠየቀህ። አንተ ደግሞ «ዘርፉ አሁን ታሪክ ፈላጊ ሆኗል መባሉ እውነት ነው? ልግባበት?» ትለኛለህ።

እውነት ነው፤ ግን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ይታዩ ስለነበር ሴራም ገጸ ባሕርይም ነበራቸው፤ ቲኬት ቆርጦ የገባን ሰው ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ታሪክ ነዋ። የቪዲዮ ካሴት ሲመጣ ተመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ እያሳለፈ ማየት ጀመረ፣ ታሪኩም ቀጠነ። ኢንተርኔት ቁርጥራጩን በነጻ ሲበትነው ደግሞ፣ ማስከፈል የፈለጉ አንዳንዶች ወደ ታሪክ ተመለሱ። በጃፓን የኒካትሱ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የወሲብ ትዕይንቱን ላሟላ ዳይሬክተር ታሪኩን ለራሱ ይተውለት ነበር። ዮጂሮ ታኪታም ከዚያው አገር የወሲብ ፊልም ተነስቶ፣ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ኦስካር አሸንፏል። ሰውዬው ይህን ነግሮ እንዳያማልልህ ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው። ታኪታ ቀረጻ ቦታ በረዳትነት ተምሮ፣ በስሙ ሠርቶ አደገ። አንተን ግን የሚያውቅህ የቴሌግራም አካውንት ብቻ ነው።

እኛ አገር ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 አለ። ጸያፍ ፊልም ብቻ ሳይሆን ጸያፍ ጽሑፍ ማዘጋጀትንና ወደ ውጭ መላክንም ይከለክላል። «ታሪክ ብቻ» የሚለው አያስጥልህም። መታወቂያህን በፍጹም አትላክ፤ ነገ ማስፈራሪያ ያደርገዋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ ባሕር ዳር ያለ ቀጣሪ «ምን ጽፈሃል?» ሲልህ ምኑን ታሳየዋለህ?

አያይዘህ የላክኸውን የአውቶቡስ ጭውውት ግን ወድጄዋለሁ። የሁለቱ ሴቶች ጭቅጭቅ ጎጃምኛው ሳይነካ ወጥቷል፤ ይህን ብዙ ሰው አይችለውም። ድክመትህ ሴራው ላይ ነው፤ አሥር ገጽ ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፣ የሚለወጥ ነገር የለም። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና የሚጀምረው ነገሩን በሁለት ቤት መቋጨት እንዲለምድ ነው፤ አንተም አሳጥረው። የአሥር ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ አድርገውና ባሕር ዳር አማራ ሚዲያ ይዘህ ሂድ። ባይቀበሉህም በስምህ የምታሳየው አንድ ሥራ ይኖርሃል። አሮጊቷ ዘንቢል ውስጥ ያለውንም እስከ መጨረሻው አትደብቀው፤ አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሳይጀምር ይታወቅ።