ወንዝ ሲበከል ለማን ይጮኻል? ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ከቡሬ ወረዳ፦ «ከመንደራችን በላይ ያለ ማቀነባበሪያ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ይለቃል። ስንጠይቅ "ፈቃዱ የፌዴራል ነው፣ እኛን አይመለከትም" አሉን። የት እንሂድ?»

ሁለት ነገር ተደባልቋል። በአዋጅ 299/1995 መሠረት፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚሰጠውን ወይም ጉዳቱ ከክልል ክልል የሚሻገረውን ፕሮጀክት የተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ (ፕሮጀክቱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ የሚያጠና ጽሑፍ) የሚመረምረው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የቀረው የክልሉ ነው። አቤቱታ ግን በሌላ ሕግ ይመራል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11፣ ማንም ሰው «ጥቅሜ ተነክቷል» ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል።

ስለዚህ ማመልከቻውን ለክልሉ ጽፈው ለዞንና ለወረዳ ግልባጭ ያድርጉ። ቀበሌውን፣ የወንዙን ስም፣ ፍሳሹ የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት፣ ቀለሙንና ሽታውን ይግለጹ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀኑን የሚያስረዳልዎ ነገር የለም። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማሙ፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይቻላል። 60ው የሚቆጠረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ካለቀበት ዕለት ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ሳምንት ተመለሱ» እየተባለ ጊዜው ያልፍበታል።

ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ፦ «ውሃውን በሃይላንድ ቀድተን ብናስመረምርስ?»

አይመከርም። የሚረባ ናሙና ከሦስት ቦታ ይቀዳል፦ ፍሳሹ ወንዙን ከሚቀላቀልበት በላይ፣ ከመውጫው፣ ከዚያም በደንብ ከተደባለቀ በኋላ ከታች። ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ ሙቀትና የሟሟ ኦክስጅን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ። ለቢኦዲ (ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያፈርሱ ለሚፈጁት የኦክስጅን መጠን ልኬት) የሚቀዳው ጠርሙስ አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ ሞልቶ፣ ብርሃን ሳያየው፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይገባል። ለክሮሚየምና ለመሰል ብረቶች ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት ሌላ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ ሲንገላታ የዋለ ሃይላንድ ውስጥ ተሕዋስያኑ ቆሻሻውን እየበሉት ስለሚቆዩ ውጤቱ ከእውነተኛው አንሶ ይወጣል። በራስዎ ማስረጃ ባለጋራዎን ነፃ አወጡ ማለት ነው! ይልቅ ቀንና ሰዓት የያዘ ፎቶ ያሰባስቡና ተቆጣጣሪው ፍሳሹ በሚለቀቅበት ሰዓት እንዲመጣ ይጠይቁ፤ ሌሊትም ቢሆን።

ከባሕር ዳር፣ አንድ ባለፋብሪካ፦ «ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢዬ መግባት ይችላል?»

ይችላል፤ ሳያሳውቅዎም ጭምር። ናሙና ያለ ክፍያ ይወስዳል፣ ፎቶም ያነሳል። በወሰደው እርምጃ ቅር ካለዎት በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይግባኝ ይበሉ። በር መዝጋት ግን ሌላ ጥፋት ይጨምርብዎታል።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ክልሉ ከፌዴራል የተለየ የፍሳሽ ደረጃ ማውጣት ይችላል?»

ደረጃውን፣ ማለትም በፍሳሽ ውስጥ የሚፈቀደውን የብክለት ልክ፣ ማጥበቅ ይችላል፣ ማላላት አይችልም።

ከዳንግላ አካባቢ፦ «የከተማ ቆሻሻ በእርሻችን ጥግ ይደፋል። ከሳሹም ተከሳሹም መንግሥት ሊሆን ነው?»

ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ሰብስቦ በአግባቡ ማስወገድ በአዋጅ 300 አንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደሩ ግዴታ ነው። ያንኑ ከተማ በዚያው ከተማ ጽሕፈት ቤት ከመክሰስ ማመልከቻውን በቀጥታ ለክልሉ ያስገቡ፤ 30ና 60 ቀኑ እዚህም ይሠራል።