ጥርስ መሳይ ሙሌት፦ ከቀጠሮው በፊትና በኋላ

ጥያቄ፦ የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡሮ ለሐሙስ ጠዋት በነጭ ሙሌት ሊሞላልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሥራው ያማል ወይ? በዚያው ቀን ቡና መጠጣት፣ ቆሎ መብላት እችላለሁ? እስከዚያው ሲያመኝ ቅርንፉድ እወሽቅበታለሁ። (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ቀጠሮው ስለቀረበ ከቅርንፉዱ እንጀምር። ሕመሙን የሚያስታግስልዎ ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ነው፤ ይኸው ዘይት ግን ነጩ ሙሌት፣ ማለትም ኮምፖዚት፣ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ሲጠቀሙ እንደቆዩም ቀዳዳው በሚገባ እንዲጸዳ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሥራው ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጃል። ለታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣው የሚወጋው ከኋለኛው ጥርስ ጀርባ ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል። ከንፈርዎ ሳይደነዝዝ መቦርቦር ከተጀመረ «ገና ነው» ይበሉ። በሥራው መሐል ንዝረትና የውሃ ርጭት ይሰማዎታል፤ ካመመዎት ግን እጅዎን ያንሡ፣ ማደንዘዣ ይጨመርልዎታል።

የሙሌቱን ዕድሜ የሚወስነው የበሰበሰው ከተጠረገ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ጥርሱ በጥጥ ወይም በስስ ላስቲክ ከምራቅ ይከለላል። 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ15 ሰከንድ ያህል ይቀባና ይታጠባል፤ ይህም ጥርሱን አሻክሮ ማጣበቂያው እንዲይዝ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ምራቅ ከነካው ግን አይጣበቅም፤ ዳሩ ይከፈትና ጥርሱ ከሙሌቱ ሥር እንደገና ይበሰብሳል። ጥጡ ሲርስ ያመልክቱ፣ ምላስዎንም ወደዚያ አይስደዱ። የተለመደው ኮምፖዚት በ2 ሚሊ ሜትር ንብርብር እየገባ እያንዳንዱ ንብርብር 20 ሰከንድ ያህል በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል። ባንድ ጊዜ ከተጠቀጠቀ ብርሃኑ ታች አይደርስም፣ የሙሌቱ የታችኛው ክፍልም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ከወንበሩ ሳይነሡ ሙሌቱ ከፍ ማለት አለማለቱን ለማየት ባለቀለም ስስ ወረቀት ያስነክሱዎታል። አፍዎ ስለደነዘዘ የሙሌቱ ከፍታ በትክክል ላይታወቅዎ ይችላል። ማደንዘዣው ከለቀቀዎ በኋላ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚገጥም ከሆነ ውሎ ሳያድር ይመለሱ። ጥቂት መሞረድ ይበቃዋል፤ «ይለመዳል» ተብሎ ከተተወ ግን ጥርሱ ይታመማል፣ ሙሌቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ቡናውና ስለ ቆሎው፦ ኮምፖዚት አማልጋም እንደሚባለው ብርማ ሙሌት 24 ሰዓት አያስጠብቅም፣ እዚያው ይጠነክራል። የሚያስጠብቅዎ ድንዛዜው ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ትኩስ ቡና ሳይታወቅዎ ያቃጥልዎታል፣ ቆሎውም ጉንጭዎን ያስነክስዎታል። ቡና በየዕለቱ ሲጠጣ ሙሌቱን ከጊዜ ብዛት ያጠይመዋል እንጂ አያላላውም።

ቀዝቃዛ ውሃ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ቢጠዘጥዝዎ የተለመደ ነው። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ትኩስ ነገር ነክቶት ቶሎ የማይለቅ ሕመም ከሆነ ግን ነርቩ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል 2 ሳምንቱን ሳይጠብቁ ይታዩ።