ወንድሜ ሃይማኖቱን ቀይሯል፤ የእናታችንን ተዝካር እንዴት አብረን እናውጣ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው በባሕር ዳር ከተማ አባይ ማዶ ነው። እኔ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ጸንቼ ስኖር ታናሽ ወንድሜ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እናታችን በቅርቡ ዐርፋ አርባዋ እየደረሰ ነው። ወንድሜ ከቀብሯ ዕለት ጀምሮ ከጎኔ አልተለየም፤ ሆኖም በፍትሐቱ ጸሎት እንደማይሳተፍ፣ ከተዝካሩም እንደማይቀምስ ነግሮኛል። አጎታችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው በዕለቱ ደጃፉን እንዳይረግጥ» ብለው ተቆጡ። ጎረቤቴ ደግሞ «ሁላችሁም የአንድ ክርስቶስ ናችሁ፤ ልዩነቱን ብትተዉት ምን አለበት?» ትለኛለች። እምነቴን ሳላላላ ወንድሜን ማክበር የምችለው እንዴት ነው?

እኅታችሁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእርስዎና ለወንድምዎም መጽናናትን ይስጥልን። እኔም እንደ እርስዎ በተዋሕዶ እምነት የምኖር በመሆኔ ጥያቄዎ ከልቤ ገብቷል።

ጎረቤትዎ የተናገሩት ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። እርስዎም ወንድምዎም በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ታምናላችሁ፤ ክርስቶስ ስለ እኛ መሞቱንና መነሣቱን ትመሰክራላችሁ። ነገር ግን ስለ ቅዱስ ቁርባን፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነትና ለሙታን ስለሚጸለየው ጸሎት ያላችሁ እምነት የተለያየ ነው። እነዚህን ነገሮች እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ «እንተዋቸው» ማለት ለሁለታችሁም ክብር አይሆንም፤ እርስዎም እርሱም ልባችሁን የሰጣችሁት ለዚሁ ነውና።

ልዩነትን በትእዛዝ ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል የጣና ዳርቻ ከማንም በላይ ያውቃል። በጣና ዳር በጎርጎራ ይኖሩ በነበሩት በካቶሊካዊው ሚስዮናዊ በአባ ፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት የተሳቡት ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ ጾሙና በዓላቱ እንዲለወጡ አዘዙ። ገበሬው፣ መነኩሴውና መኳንንቱ ተነሡ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ። ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መከራው በካቶሊኮቹ ላይ ዞረ። ጌታችን «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» ብሎ የጸለየው ወደ አባቱ ነው፤ ይህን አንድነት በአዋጅ እንዲያስፈጽም ለማንም ሥልጣን አልሰጠም፤ ለቤተሰብ አባወራም ቢሆን።

አብሮ መሥራት ግን ይቻላል፤ ተችሏልም። አባ አብርሃም የተባሉት፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቁት የጎጃም መነኩሴ በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መልሰዋል። ያሠሯቸው የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን ነበሩ፤ ጽሑፉን ገዝቶ ያሳተመው ደግሞ ፕሮቴስታንቶች የሚበዙበት የብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1840 ወጣ። ከእነዚህ መካከል ስለ ሌላው ብሎ እምነቱን የለወጠ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችንም እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆና ከፕሮቴስታንቶቹ ጋር አብራ ስትቀመጥ ከዶግማዋ የቀነሰችው ነገር የለም። እርስዎም ከወንድምዎ ጋር ቢቀመጡ እምነትዎ የሚላላ አይምሰልዎ።

ወደ አርባው ልመለስ። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምትጸልየው የፍቅር ማሰሪያ በሞት አይበጠስም ብላ ስለምታምን ነው፤ በዚህ ካቶሊኮችም ከእኛ ጋር ናቸው። ወንጌላውያን ግን «ለሰዎች አንድ ጊዜ መሞት ከዚያ በኋላም ፍርድ ተመደበባቸው» የሚለውን የዕብራውያን መልእክት ይዘው፣ ከሞት በኋላ የሚጸለይ ጸሎት የሟቹን ዕጣ አይለውጥም ይላሉ። ስለዚህ ወንድምዎ ከፍትሐቱ መቅረቱ ከእምነቱ የመጣ ነው፤ እናቱን ከመናቅ የመጣ አይደለም። ከቀብሩ ጀምሮ ከጎንዎ አለመለየቱ ለዚህ ምስክር ነው። ይህን ለአጎትዎ በዚሁ መልክ ያስረዷቸው፤ ሰው የሌላውን እምነት ባለቤቱ ራሱ በሚናገርበት አኳኋን መናገር ሲችል ቁጣው ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

በተግባር ግን አስቀድማችሁ ብትነጋገሩ ብዙ ነገር ይቀላል። የጸሎቱን ሰዓት ይንገሩት፤ እርሱም ጸሎቱ ካበቃ በኋላ መጥቶ እንግዳ ይቀበል፣ ውኃ ያስታጥብ፣ ከእድርተኛው ጋር ድንኳን ይትከል፣ ወንበር ያመላልስ። በማዕዱ ላይ «የእናትህ አይደለም ወይ፣ ቅመስ» እያላችሁ በሰው ፊት አታስጨንቁት፤ ከወጪው መጋራት ይፈልግ እንደሆነ ግን ይጠይቁት፤ ነዳያንን ማብላት ለእርሱም መልካም ሥራ ነውና ፈቃዱን ሳያውቁ «አይሆንለትም» ብለው አይወስኑበት። እርሱም በበኩሉ ለኀዘን በተሰበሰበው ሰው መካከል ስብከት እንዳይጀምር ቃል ይግባልዎ። ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ሌላ ቀንና ሌላ ቦታ አለ፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ብሏልና።

በጣም የሚያሳስበኝ የልጆች ነገር ነው። የእርስዎ ልጆች አጎታቸውን «መናፍቅ» ሲሉ፣ የእርሱ ልጆችም እርስዎን «ጣዖት አምላኪ» ሲሉ ከሰማችሁ በዚያው ሰዓት ገሥጿቸው፤ ሁለታችሁም አንድ ላይ ሆናችሁ ብትገሥጿቸው ደግሞ ይበልጥ ይሰማሉ።

አጎትዎን በተመለከተ፣ እርስዎ ብቻዎን ባይከራከሯቸው ይሻላል። የንስሐ አባታችሁ ከአርባው በፊት ወደ እርሳቸው ሄደው እንዲያነጋግሯቸው ይለምኗቸው፤ ቀኑ ደርሶ እንግዳ ከተሰበሰበ በኋላ ቃልን መመለስ ለሽማግሌ ሰው ከባድ ነው።